የመሐመድኑር መቃብር

አድማሴ ጫማ ጠባቂ ነው። ላሊበላ ከአብያተ ክርስቲያናቱ በአንደኛው ደጃፍ፣ ድንጋዩ በእግር ብዛት ከለሰለሰበት ደረጃ አጠገብ ተቀምጦ፣ የሚገባው ሰው አውልቆ የሚተወውን ጫማ ይደረድራል፤ ሰውየው ሲወጣ መልሶ ያቀብለዋል። እንግዳ በሽ በሽ በነበረበት ዘመን ይህን ሥራ የያዘ ሰው ቤተሰብ ያስተዳድርበት ነበር ይባላል። አድማሴ የደረሰው ግን ሆቴሎቹ መስኮታቸውን ከዘጉና አስጎብኚዎቹ ባጃጅ መንዳት ከጀመሩ በኋላ ነው። ብዙውን ቀን ከፊቱ ያለው ባዶ ድንጋይ ነው። እሱም ድንጋዩን እያየ ይውላል።

ወታደር ነበር፤ አሥር አለቃ ሆኖ ነው የወጣው። የግራ ጉልበቱ ስለማይታጠፍ እግሩን ወደ ፊት ዘርግቶ ይቀመጣል፤ ምእመኑም እንዳይረግጠው ከፍ ብሎ እየተራመደ ያልፋል። እንዴት እንደቆሰለ የሚጠይቀው አይጠፋም። «ረጅም ነው» ይልና ጫማውን ያስተካክላል።

ድሮም ዝምተኛ ነበር። ከአሸተን ማርያም በታች ካለችው መንደር አብሮት ያደገው፣ እንዳለው የሚባለው ጓደኛው፣ «መነኩሴው» ብሎ ይጠራው ነበር። እንዳለው ተረበኛ ነው። አብረው ተመዝግበው፣ አብረው ሠልጥነው፣ በአንድ የመቶ ጦር ውስጥ ሲመደቡም ተረቡን አልተወም። ምሽግ ውስጥ ሁሉም ፈርቶ ጸጥ ባለበት ሰዓት «መነኩሴው ዛሬ ጓደኛ አገኘ፣ ሁሉም መንኩሷል» ብሎ ሰዉን ያስቀው ነበር። ከዚያ ጦርነት አድማሴ በአንድ እግሩ እያነከሰ ተመለሰ። እንዳለው ግን አልተመለሰም። ሞተም አልተባለም።

እሑድ እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ አድማሴ ዱላውን ይዞ ሽቅብ ይወጣል፤ ጉብታውን አልፎ ወደ መንደሩ ይወርድና የእንዳለው እናት እትዬ ይማርሽ ቤት ይገባል። እሳቸውም ያንኑ ይጠይቁታል፤ እሱም ያንኑ ይነግራቸዋል። እንዳለው ሆዱ ላይ ተመታ። ተሸክሞ ከአንዲት ወይራ ሥር አስቀመጠው፤ ቁስሉን አሰረለት፤ ፀሐዩ ስለከበደ ፊቱን በአንገት ልብሱ ሸፈነለት። ከዚያ ቃሬዛ ፍለጋ ሄደ። ሲመለስ ወይራዋ አለች፤ እንዳለው የለም። ደሙ አለ፤ እሱ የለም። ቁልቁል ወርዶ ሲፈልገው ነው ጉልበቱን የተመታው።

«ውሃስ ትተህለት ነበር?» ይሉታል እትዬ ይማርሽ ሁልጊዜ፣ መጨረሻ ላይ።

«ኮዳዬን እጁ ላይ አስጨብጬው ነው የሄድኩት።»

«ይበጅህ» ይላሉ። የዚያ እሑድ ወሬም በዚሁ ያበቃል።

ቁርጡ ያልታወቀ ሰው አይለቀስም። ምናልባት በሕይወት ላለ ልጅ ማልቀስ በገዛ እጅ አፈር ማልበስ ነው ተብሎ ይፈራል። የንስሐ አባታቸው አባ ገብረ ዮሐንስም፣ በዓይኑ አየሁ የሚል ሰው ካልመጣ ፍትሐት አልፈታም ብለዋል። ስለዚህ እትዬ ይማርሽ ከል አልለበሱም፤ ሠርግ ቤትም አይሄዱም። ጎረቤት ሲሞት ለቅሶው ዳር ላይ ተቀምጠው ዓይናቸውን ያደርቃሉ፤ በሰው ለቅሶ ተመካኝተው የራሳቸውን እንዳያለቅሱ ነው። የእንዳለውን ድርሻ ማሳ ለእኩል አራሽ አልሰጡትም። በየዓመቱ ሰው ለምነው ያሳርሱታል፤ አረሙን ራሳቸው ይነቅላሉ። «መጥቶ ማሳዬ ጦሙን አደረ እንዳይለኝ» ይላሉ።

ሔለን የመጣችው ክረምቱ እንደወጣ ነው። አዲስ አበባ ካለ አንድ የዩቲዩብ ጣቢያ ካሜራ የሚይዝ ልጅ አስከትላ መጣች፤ ጫማዋን አድማሴ ፊት አውልቃ ገባች። ስትወጣ እግሩን አየችና ጠየቀችው። «ረጅም ነው» አላት። «እኛ ረጅም ነገር እንወዳለን» አለች ሳቅ ብላ። እሱ አልሳቀም።

በማግሥቱ ተመልሳ መጣች። ስለ ቁስለኛ ወታደሮች ዝግጅት እየሠሩ እንደሆነ አስረዳችው፤ እንቢ አላት። እንዲሁ ተቀምጣ ስታወራው ግን የእንዳለው ነገር ከአፉ አመለጠ። ሔለን፣ ዝግጅቱን የሚያየው ሕዝብ ብዙ ነው፤ ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል ጓደኛህን ሆስፒታል ያየው፣ ወይም አብሮት የተማረከ፣ ወይም የቀበረው አንድ ሰው ቢኖርስ አለችው። አድማሴ ቀኑን ሙሉ ይህን ሲያሰላስል ዋለ። ከዚያ በኋላ እሺ አለ። የጠየቃት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መጨረሻው ላይ ስልክ ቁጥሩ ይጻፍ፣ እንዳለውን ያየ ሰው ይደውል። ሔለን ቃል ገባች። እትዬ ይማርሽም እጃቸውን ታጥበው፣ በጨርቅ የተጠቀለለውን የእንዳለውን ፎቶ አውጥተው ሰጧት። ከማሠልጠኛ ሲመረቅ የተነሣው ነው። ቆብ አድርጎ፣ ሳቁን እንደምንም ይዞ።

ቀረጻው ወደ አሸተን በሚወስደው መንገድ ላይ ካለ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ነበር። ገደሉ ከጀርባው እንዲታይ ፈልገው ነው። ጠዋት ጀምረው እስከ ከሰዓት ቆዩ። አድማሴ በሕይወቱ እንደዚያ ቀን አውርቶ አያውቅም። ጠዋት የእንዳለውን ነገር ከመጀመሪያው አንሥቶ እስከ ጉልበቱ ድረስ ተናገረ። ከሰዓት በኋላ ሔለን፣ የጓደኛ ሞት በቅርብ አይተህ ታውቃለህ ብላ ጠየቀችው። ያን ጊዜ የመሐመድኑርን ነገር አመጣ።

መሐመድኑር የመርሳ ልጅ ነበር። እንዳለው ከመቆሰሉ ወራት ቀድሞ፣ ሌላ ግንባር ላይ ነው የወደቀው። ሬሳውን ወደ ኋላ ለመመለስ አልተቻለም። አድማሴና ሌሎች ሁለት ሆነው በሳንጃና በምግብ ሳህን አፈሩን ቆፈሩ። ከመሀላቸው ሙስሊም የለም፤ ነገር ግን ወሎ ተወልዶ ሙስሊም ጎረቤቱን ያልቀበረ ሰው የለም። በቀኝ ጎኑ አስተኙት፤ ፊቱን ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ አቅጣጫ አዞሩት፤ ጅብ እንዳያወጣው ድንጋይ ደረደሩበት። የሞቱ ወሬ ለእናቱ ደርሷል፤ እንዴት እንደተቀበረ ግን የሚያውቅ የለም። አድማሴ መርሳ ሄዶ ሊነግራቸው ሲያስብ አንዴ እግሩ፣ አንዴ መንገዱ፣ አንዴ ድፍረቱ እያነሰው ቀርቷል። ስለዚህ ካሜራውን እያየ፣ እናቱ ጀውሀራ እንደሚባሉ፣ መርሳ ብርቱካን እንደሚሸጡ፣ ልጃቸው እንደ ወጉ እንደተቀበረ እንዲያውቁለት እንደሚፈልግ ተናገረ። ሔለን አለቀሰች። ካሜራ የያዘው ልጅ እንኳ ፊቱን አዞረ።

ቪዲዮው የወጣ ቀን አድማሴ አላወቀም። የእሱ ስልክ ባለ ቁልፍ ነው። ቅዳሜ ለታ፣ ገበያ ሲወጣ፣ ድሮ «አንካሳው ዘበኛ» እያለ የሚያበሽቀው አንድ አስጎብኚ መጥቶ ሳይናገር አንገቱን አቀፈው። አድማሴ ግራ ገባው፤ ሰክሯል ብሎ ተወው።

እሑድ እንደ ልማዱ ሽቅብ ወጣ። ጉብታው ላይ ሲደርስ ለቅሶ ሰማ። ማን ሞቶ ይሆን እያለ፣ ዱላውን እየወጋ ቁልቁል ወረደ። የቅሬው፣ የመንደሩ እድር፣ ሰዎች የእትዬ ይማርሽ ደጅ ላይ ሸራ ወጥረዋል። እሳቸው ሞተው ነው ብሎ አሰበ። ሲጠጋ ግን እትዬ ይማርሽ መሀል ላይ ተቀምጠዋል። ጠጉራቸውን ተላጭተው፣ ከል ለብሰው። ከፊታቸው በርጩማ ላይ የእንዳለው ጋቢ ተጣጥፎ ፎቶው ተደግፎበታል።

እንዳዩት ተነሥተው መጡና ሁለት እጁን ያዙ። እጁን ሳሙት፤ መዳፉንም፣ ጀርባውንም።

«ልጄን በዚህ እጅህ አፈር አልብሰህልኛል» አሉ። «እኔ እንዳልሞትብህ ይህን ሁሉ ዘመን በሆድህ ይዘኸው ኖርክ።»

አድማሴ አፉን ከፈተ። ከኋላ ሌላ ለቀስተኛ «ወንድሜ» እያለ ገባ፤ ሴቶቹ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ፤ አንድ ሽማግሌ ክንዱን ይዞ ወንዶቹ መሀል አስቀመጠው። ሰው ሁሉ እጁን ያያል። ደረት በሚደቃበት መሀል ተነሥቶ «ልጁ መሞቱን አላውቅም» ማለት እንዴት ይቻላል? ትንሽ ይብረድ አለ በልቡ። በረደ፤ ደግሞ ሌላ ለቀስተኛ መጣ። እስከ ማታ እንደዚያ ተቀምጦ ዋለ። አንድ ቃል አልተናገረም። ዝምታውን ያየ ሁሉ ሐዘን መሰለው፤ ማረጋገጫም ሆነ።

ሸራው ሲታጠፍ የእንዳለውን እህት ሰገነትን ከቤቱ ጀርባ አገኛት። ከተማ ሆቴል ውስጥ ትሠራ የነበረች፣ ሆቴሉ ሲዘጋ ወደ እናቷ የተመለሰች ልጅ ናት። ቪዲዮውን መጀመሪያ ያየችው እሷ ነች። ምንም ሳይላት ስልኳን ከፍታ ሰጠችው።

ከላይ በቀይ ጽሕፈት «ጓደኛዬን በገዛ እጄ ቀበርኩት» ይላል። ከዚያ ዋሽንት፣ ገደሉ፣ የእንዳለው ፎቶ። ከዚያ እሱ ራሱ፦ «ተሸክሜ ወይራ ሥር አስቀመጥኩት። ፊቱን በአንገት ልብሴ ሸፈንኩት።» የቃሬዛው ነገር የለም። ኮዳውም የለም። አሞራ ገደሉ ላይ ሲዞር ይታያል፤ ዋሽንቱ ይረዝማል። ከዚያ ደግሞ እሱ፦ «በሳንጃ ቆፈርን። በቀኝ ጎኑ አስተኛነው። ጅብ እንዳያወጣው ድንጋይ ደረደርንበት። እናቱ እንዲያውቁልኝ እፈልጋለሁ።» እዚያ ላይ ሔለን ስታለቅስ ይታያል። የመሐመድኑር ስም የለም። መርሳ የለም። ቂብላ የለም። ስልክ ቁጥሩም የለም።

አድማሴ ደግሞ አየው። ድምፁ የራሱ ነው፤ ቃሉ የራሱ ነው፤ ውሸት የሚባል ቃል አልወጣውም። «እያት ጥላዬን» አላት ሰገነትን። መጀመሪያ ሲናገር ጥላው በአንድ በኩል ነው፤ ፊቱን ሸፈንኩት ካለ በኋላ በሌላ በኩል ነው። «ይቺ ጠዋት ናት፤ ይቺ ከሰዓት ናት። መሀሉ ወጥቷል። የቀበርኩት መሐመድኑርን ነው።»

ሰገነት ስልኩን ተቀበለችው። ከዚያ «ጥላ ማን ያያል?» አለች። ደግሞ ቀስ ብላ፣ እናቷ ትናንት ተኝተው እንዳደሩ፣ እንዳለው ከጠፋ ወዲህ እንደዚያ ሲተኙ አይታ እንደማታውቅ ነገረችው። ይህን ስትለው ተቆጥታ አይደለም። እንዲያስብበት ነው።

ሔለንን ለማግኘት ብዙ ደወለ። ስታነሣ ደንግጣ ነበር፤ መልካም ልጅ ናት፣ አልሸሸችውም። መቁረጡን የሠራው አዲስ አበባ ያለ ሌላ ልጅ እንደሆነ፣ እሷ ሌላ ቦታ ለሥራ ሄዳ ሳታየው እንደወጣ ነገረችው። ቀረጻው ብዙ ሰዓት ነበር፤ ይህን ሁሉ ቁጭ ብሎ የሚያይ ሰው የለም፤ ስለዚህ አጠረ።

«ግን እኮ አንድ ቃል አልጨመርንም» አለች። «ሁሉም አንተ ያልከው ነው።»

«አልጨመራችሁም። አዎ።»

«ልጁን ጠየቅኩት አድማሴ። የጓደኛህ ታሪክ መጨረሻ የለውም አለኝ። መጨረሻ ያስፈልገው ነበር አለ።»

አድማሴ ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮው አዞረ። መጨረሻ እንደሌለውማ እሱ ያውቃል። እትዬ ይማርሽም ያውቁ ነበር። ሙሉውን አውጡት አላት። የካሜራው ካርድ ለሌላ ሥራ ተፈልጎ ቀረጻው ጠፍቷል፤ ከቪዲዮው በቀር የቀረ የለም አለችው። ከሥር አስተያየት ላይ ማስተካከያ እጽፋለሁ አለች። «እናቱ ማንበብ አይችሉም» ብሎ ስልኩን ዘጋ። በኋላ ጻፈችም። ከብዙ ሺሕ አስተያየት መሀል የት እንደገባ ሰገነት ፈልጋ አጣችው።

የአርባው ቀን እየተጠጋ መጣ። እትዬ ይማርሽ የእንዳለውን በሬ ሸጠው እህሉን ገዙ፤ ጠላው ተጠነሰሰ። ማሳውንም ዘንድሮ ለእኩል አራሽ ለመስጠት ተነጋገሩ። አድማሴ ይህን ሁሉ ጫማ እየጠበቀ ይሰማል። ዝም ቢል፣ ሴትዮዋ አርፈዋል። ቢናገር፣ ያንን እንቅልፍ ከዓይናቸው ሊወስድ ነው። ዝም ቢል ግን፣ እንዳለው ከአንዱ እስር ቤት ወይም ከአንዱ ሰው ጓዳ ወጥቶ አንድ ቀን ደጁን ቢያንኳኳ፣ በተዝካሩ ላይ የበላው ሰው ሁሉ የቀበረው እሱን ይሆናል። መሐመድኑርም አለ። እሱን እንደ ወጉ የቀበሩ እጆች ለሌላ ተሰጥተውበት፣ እንደ ገና ሜዳ ላይ ቀርቷል።

ለአባ ገብረ ዮሐንስ ሄዶ ነገራቸው። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ከጥድ ሥር ተቀምጠው ነበር። እስኪጨርስ አላቋረጡትም።

«ያልከው አንተ ነህ፣ ወይስ አይደለህም?» አሉት።

«እኔ ነኝ አባ። ስለ እሱ ግን አይደለም።»

መቋሚያቸውን መሬት ላይ እያሽከረከሩ ቆዩ። ከዚያ፣ ያንን ነገር ሰገነት ስታሳያቸው በቀኝ ጎኑ አስተኛነው ያለውን ሲሰሙ ልባቸው እንደተሰቀለ ነገሩት። ክርስቲያን በጀርባው ነው የሚተኛው፤ ፊቱ ወደ ምሥራቅ። እንደ አድማሴ ያለ የደብር ልጅ ይህን ይስታል ብለው አላመኑም ነበር። ግን ጦርነት ነው፣ ጥይት እየዘነበ ማን ወግ ይጠይቃል ብለው ራሳቸውን አሳመኑና በክርስትና ስሙ ፍትሐት ፈቱለት።

«ጠርጥሬ ነበር፤ ጥርጣሬዬን ውጬ ፈታሁት» አሉ። «ያንን እኔ እሸከመዋለሁ። ተዝካሩን ግን አልቆምበትም። አንተ ትነግራታለህ፤ እኔ አብሬህ እቆማለሁ።»

መቼ እንደሚሄዱ አልተነጋገሩም። መርዶ የሚነገረው ጎሕ ሲቀድ፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ ነው። ሌላ ሰዓት ለሁለቱም አልታሰባቸውም። ስሕተታቸውም እዚህ ላይ ነበር። በነጋታው ገና ጨለማው ሲያፈገፍግ ቄሱ ነጭ ጥምጥማቸውን አድርገው፣ አድማሴ ዱላውን ይዞ ጉብታውን ሲወርዱ መንደሩ አያቸው። ቄስና ወታደር በዚያ ሰዓት ለምን እንደሚመጡ የማያውቅ የለም። አንዲት ሴት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተከተለች፤ ሌላዋ ጨመረች። ደጁ ላይ ሲደርሱ ከኋላቸው ብዙ ሰው ነበር፤ ለማልቀስ የተዘጋጀ፣ ማንን እንደሚያለቅስ የማያውቅ።

እትዬ ይማርሽ በሩን ከፈቱ። ሰዉን አዩ፤ ቄሱን አዩ። ፊታቸው ላይ ፍርሃት አልነበረም።

«እኔ ቤት የቀረችው ሰገነት ናት» አሉ። «እሷም ውስጥ ተኝታለች። ለማን መጣችሁ?»

አባ ሕዝቡን እንዲመለስ ለመኑት፤ አድማሴንና እትዬ ይማርሽን ይዘው ገቡ። አድማሴ መደብ ላይ እግሩን ዘርግቶ ተቀመጠና ከመጀመሪያው ጀመረ። ጠዋት የተናገረውን ከጠዋት፣ ከሰዓት የተናገረውን ከሰዓት ለይቶ ተናገረ። እትዬ ይማርሽ መሬቱን እያዩ ሰሙት። ሲጨርስ የጠየቁት እሱ ያላሰበውን ነው።

«በጎኑ ያስተኛችሁት ሌላ ልጅ ነው?»

«አዎ እትዬ። መሐመድኑር ይባላል። የመርሳ ልጅ ነው።»

«እኔ እኮ ሌት ተቀን እሷን ነገር ሳስብ ነበር። ለምን በጎኑ አስተኙብኝ እያልኩ። ጀርባው ቆስሎ ይሆን፣ እንዳያመው ብለው ይሆን እያልኩ።» ቀና አሉ። «የእኔን ልጅስ?»

«የእርስዎን ልጅ አልቀበርነውም።»

«ውሃውስ?»

«ውሃው እውነት ነው። ኮዳዬን አስጨብጬዋለሁ።»

እትዬ ይማርሽ የተላጨ ራሳቸውን በእጃቸው ዳሰሱ፤ እዚያ የሌለ ጠጉር የሚፈልጉ ይመስላሉ።

«እንግዲያ እንደ ገና ልጠብቅ ነው?» አሉ።

አባ ገብረ ዮሐንስ መስቀላቸውን አውጥተው ያዙ፤ መልሰው ከተቱት። ሰገነት ከውስጥ ተነሥታ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። አድማሴ ይቅር ይበሉኝ አለ። እትዬ ይማርሽ ይቅርታውን አልሰሙትም፣ ወይም አልፈለጉትም። ጠላው ተጠንስሷል፣ ለነዳያን ይሰጥ፣ ስም አትጥሩበት አሏቸው ለአባ። ከዚያ ወደ አድማሴ ዞሩ።

«የዚያ ልጅ እናት አለች?»

«አሉ። ጀውሀራ ይባላሉ።»

«እሷ ዘንድ ሂድ» አሉት። ድምፃቸው አልጠነከረም። «እኔ ዘንድ ግን አትምጣ። አንተን ሳይህ የትኛውን እንደምሰማ አላውቅም።»

መንገዱ ሲከፈት ጠብቆ ወደ መርሳ ወረደ። ቆላው ሙቀት ነው፤ እግሩ ያብጣል። ጀውሀራን ገበያው ዳር ብርቱካናቸውን ከምረው አገኛቸው። ልጃቸው ፈትሂያ ቪዲዮውን አይታዋለች፤ ወታደሩን ከመሐመድኑር ጋር ከተነሣው ፎቶ ላይ አውቃው ነበር፤ ሰውየው የራሱን ጓደኛ እንጂ የእኛን አላነሣም ብላ ለእናቷ አላሳየችም። አድማሴ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገራቸው። ጀውሀራ አላቋረጡትም። ሲጨርስ ቦታውን ጠየቁት፤ የተራራውን ስም ነገራቸው፤ ወደዚያ ግን የሚያስኬድ መንገድ ዛሬም እንደሌለ ነገራቸው። «ወደ ቂብላ አዞራችሁት አይደል?» አሉ። አዞርነው አለ። አንድ ጊዜ ደግሞ እንዲነግራቸው ጠየቁት። ደገመላቸው። ሲሄድ ብርቱካን በፌስታል ሞልተው ሰጡት፤ ካልወሰድክ አሉ፤ ወሰደ። መኪናው ውስጥ ጭኑ ላይ አድርጎት እስከ ጋሸና አንዱን እንኳ አልላጠም።

አሁንም ጫማ ይጠብቃል። አልፎ አልፎ የሚመጣ እንግዳ ፊቱን ያውቀውና «አንተ ጓደኛህን የቀበርከው አይደለህ?» ይለዋል። መጀመሪያ መጀመሪያ፣ አይደለም፣ ነገሩ እንዲህ ነው እያለ ያስረዳ ነበር። ሰው ቆሞ ይሰማል፤ መሀል ላይ ግን ዓይኑ ወደ ደረጃው ይሄዳል። አሁን አያስረዳም። ጫማውን ያስተካክላል።

እሑድ ግን መውጣቱን አልተወም። ጉብታው ላይ ደርሶ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል፤ አይወርድም። ከዚያ የእትዬ ይማርሽ ቤት ይታያል፤ የእንዳለውም ማሳ ይታያል። ማሳው ለእኩል አራሽ ሳይሰጥ ቀርቷል። ሰው ለምነው አሳርሰውታል። ስንዴው ከፍ ሲል አንድ እሑድ አረሙን ሲነቅሉ አያቸው፤ በሰንበት ሥራ የማያውቁ ሴት። ጎንበስ ብለው፣ ፈሩን እየተከተሉ፣ ቀስ እያሉ። ማሳው መሀል ያለው ጥቁር ነገር እሳቸው ናቸው። ከሉን አላወለቁም።